በራችን ፊት የበራው መብራት

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ከፊታችን ያለው ባዶ ቤት ግን የሱሰኛ መሸሸጊያ ሆኖ ሰፈሩን ሰላም ነስቶታል። የሰፈሩ ማኅበር ማዘጋጃ ቤት ቢመላለስ «ነገ ይታሸጋል» ከመባል በቀር ጠብ ያለለት ነገር የለም። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼ፣ በመከራ የመንገድ መብራቱን ብቻ አስጠገንኩ። አሁን የዚያ ቤት በር ፍንትው ብሎ ይታያል።

ትናንት የማኅበሩ ሊቀመንበር መጥተው፣ «መስኮትሽ ፊት ለፊት ነው፤ የሚገባ የሚወጣውን እያየሽ ለፖሊስ ትነግሪልናለሽ» አሉኝ።

«ዓይኔ ደክሟል እኮ» ብዬ ሸኘኋቸውና ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ።

ታናሻችን ሰላም ይልሃል። ማታ ማታ እያመሸ ይገባል፣ ትንሽም ከሳ እንጂ ደህና ነው። እባክህ ቶሎ ደውልለት፤ አንተን ይሰማል።

ድምፅህን የምትጠብቀው እህትህ