የጨለማው ድኩላና የዘሀራ ሰደቃ

ዘሀራዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ብርሃን ያድርግልሽ። አንቺ ስትሄጂ ጓሮ በቅሎ የነበረው ሽምብራ ተነቅሎ፣ ተወቅቶ፣ ተበልቶ፣ አዲሱ ደግሞ ይኸው ከመሬት ብቅ ብሏል። ዓመት ሞላሽ ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የሚያፈሰውን ክዳን ቀይሬዋለሁ። ልጃችን ሐዋ በየጊዜው ከጨፋ ሮቢት እየመጣች ከእኛ ጋር ኑር ትለኛለች፤ እኔም አልሄድም እላታለሁ፤ እሷም ታለቅሳለች፤ ከዚያ ልብሴን አጥባ ትመለሳለች። ከድርቁ በኋላ ዝናቡ ተመልሷል፣ ከብቱ ግን አልተመለሰም። ለሰደቃሽ ፍየል ፍለጋ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ነበር። የቀረበልኝ ፍየል አጥንቱ ላይ ቆዳ ያሰጡበት ይመስላል። ሻጩ አፋር ራሱ አፈረ። «ሽማግሌ፣ ይህንን ለሰደቃ አትውሰድ፣ ሟቿ ትታዘብሃለች» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ እውነት የተናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጃርሳውን ላርድልሽ ቆረጥኩ። ቦርከና ወንዝ ዳር ደንገል ውስጥ እየዋለ ሽምብራሽን ሲግጥብሽ የኖረውን ሽማግሌ ድኩላ። ጃርሳ፣ በኦሮምኛ ሽማግሌ፣ ብለሽ ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። «ሁለት ጃርሳ አለኝ፤ አንዱ ሽምብራዬን ይበላል፣ ሌላው ጠመንጃውን ታቅፎ ያየዋል» እያልሽ ጎረቤት ስታስቂብኝ ኖረሻል። ዓመትሽን በእሱ ሥጋ ባወጣ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ጀርባው ጠቁሮ፣ አንገቱም ፀጉሩ አልቆ ተመልጦ ነበር። ወጣት ድኩላ በጠራራ ይወጣል፤ ሴቷም ጎህ ሲቀድ ትታያለች። እሱ ግን ስንት ጥይት አሳልፏል፤ ጨለማ ካልያዘ ከደንገሉ አይርቅም። የዛሬ አዳኞች ደግሞ ሽምብራው ዳር ተኮልኩለው ይጠብቁታል። ነፋሱን በጀርባቸው ይዘው ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ያስላሉ፣ ስለ ስብሰባ ያወራሉ። እሱ ማሳው ጋ ሲደርስ ጨለማው ዓይን የያዘ ነው። ከዚያ ኮቴ ወደ ሰሙበት ይተኩሱና በማግሥቱ አቆሰልነው ብለው ይፎክራሉ። አቁስሎ መፎከር! በጨለማ የተመታ አውሬ የት ገብቶ እንደወደቀ አይታወቅም፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ አይደርስለትም። ይህን የማያውቅ ሰው አዳኝ አይደለም፣ አባካኝ ነው።

ሌባን ማዕዱ ላይ ሳይሆን ደጁ ላይ ጠብቀው ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ። ደንገል ስታጭጂ መኝታውን አይተሽ፣ የሚወጣባትንም ቀዳዳ አሳይተሽኝ ነበር። እዚያው ተቀመጥኩ። ልክ ነበርሽ። ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ገና ሳይዝ ከደንገሉ አፍ ላይ ይቆምና ጆሮውን ይጥላል። ችግሩ ያቺ ሰዓት የመግሪብ ሰዓት መሆኗ ነው። እኔም ጠመንጃዬን አጋድሜ እሰግዳለሁ። ሰግጄ ስነሳ እሱ ሄዷል። በነጋታው ያው፣ በሦስተኛውም ያው። መግሪብን ለድኩላ ብዬ አላቆይም። አንድ ቀን ቀድሞ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግትር ከሆነ እኔም ግትር ነኝ።

ይህን የሰማው የእህትሽ ልጅ ሰይድ ነው። ከጀርባሽ አውርደሽው የማታውቂው ሰይድ ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ሲራመድ መሬቱ የሚያጨበጭብለት ይመስለዋል። «አያ ይመርና ጃርሳው ጀመዓ ሆነው ይሰግዳሉ አሉ» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ቀጥሎም በስብሰባ ላይ ቆሞ የዱር አራዊት የሕዝብ ሀብት ነው፣ ያለ ፈቃድ የሚያድን ፀረ ሕዝብ ነው ብሎ ተናገረ። በዚያው ሳምንት ታጣቂዎቹን፣ ክላሹንና ባትሪውን ይዞ ደንገሉ ዳር አደረ። ሕዝቡ እሱ ነው መሰለኝ።

ተኩሱን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሲነጋ አንድ ታጣቂ ደጄ ቆሞ «ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል፣ ቶሎ ና» አለኝ። ቶሎ አልሄድኩም። ስደርስ ጃርሳው ከዋርካው ሥር ተጋድሟል፣ አንገቱም ተቆርጧል። የሰፈሩ ሰው ቢላዋና ሰፌድ ይዞ ከቦታል። ሰይድ እጄን ይዞ ወደ ፊት ሳበኝ። «አያ ይመር፣ ለአክስቴ ሰደቃ ይሁን ብዬ ነው። ሌሊት መትተን ጠዋት ነፍሱ ሳትወጣ አግኝተን እዚሁ አረድነው። ሼኹ ደሴ ሄደዋል፤ ሰዉም አንተ ካልተናገርክ አልነካም ብሏል። ሐላል ነው በልና ይብላ» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ምራቄን ዋጥኩ። የፈለግሁት እሱኑ ነበር። በዙሪያዬ ያሉት ከድርቁ ወዲህ ሥጋ ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው። ሐዋም ለዓመትሽ መጥታ ስለነበር ከኋላዬ ቆማ «አባ፣ አንድ ቃል ናት» አለችኝ በሹክሹክታ። ልጅሽ ናት፣ አልተቆጣኋትም።

ጎንበስ ብዬ እግሩን ብገፋው አካሉ በሙሉ እንደ ግንድ አብሮ ተንቀሳቀሰ። የአንገቱ ቁስል ነጭ ነው።

«ስናርደው ይንፈራገጥ ነበር» አለ ሰይድ።

«እንዲህ ደርቆ የሚንፈራገጥ ካለ የቤቴ ምሰሶም ይንፈራገጣል» አልኩት። «ደሙስ?»

«መሬቱ ጠጣው።»

አፈሩን ዘግኜ ለሁሉም አሳየሁ፤ እንደ ዱቄት በጣቴ መካከል ፈሰሰ። «ሲተኮስስ ቢስሚላህ ያለ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተኳሹ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሞቶ ያገኙትን አንገቱን ገዝግዘው ምላሴን ደግሞ ቢላዋ ሊያደርጉት ነበር የጠሩኝ። በክት ነው ብዬ ተናገርኩና ዞርኩ።

ከኋላዬ የተባልኩትን አልጽፍልሽም፤ ከተናገሩት መካከል ከእጅሽ የበሉ አሉ። ለሕዝብ የማያዝን ሽማግሌ አሉኝ። ለሕዝብ ማዘን በክት ማብላት ከሆነ አላዝንም። ጨክነው ከሚሴ ወስደው ለክርስቲያኖቹ ሊሰጡት ሞከሩ። እዚያ ያለው ክርስቲያን የኅብረት ሱቅ ሠራተኛ አንገቱን አየና «የናንተ በክት ለእኛ ሲሆን ቡራኬ አገኘ እንዴ?» ብሎ መለሳቸው። በመጨረሻ ለጅብ ጣሉት። ያንን የመሰለ አውሬ፣ ስንት ዘመን ከሁላችን የበለጠ፣ ባትሪ በጨበጠ ዋልጌ እጅ ወድቆ ቀረ። እኔ ብገድለው ኖሮ ሥጋው ሳይባክን በስምሽ በተበላ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰደቃሽን በንፍሮ አወጣሁ። ማሽላና ሽምብራ ሐዋ ቀቀለችው፣ ጨው ብቻ ነበረው። ብዙ ሰው አልመጣም፤ ሥጋውን የከለከልኳቸው ቀሩ። የመጡት ዱዓ አድርገው በሉ። ሊበተኑ ሲሉ ሰይድ መጣ። ጠመንጃውን የት እንዳኖረው አላውቅም፣ ባዶ እጁን ነበር። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባም አላልኩት፣ ውጣም አላልኩት። ሐዋ እፍኝ ሙሉ ዘግና ሰጠችው። ቀና ሳይል በላ። ያኔ ያሳደግሽው አንቺ መሆንሽ ትዝ አለኝና እኔ ራሴ ተነስቼ ሌላ እፍኝ ጨመርኩለት። ይቅር ብዬው አይደለም። ይቅር እንዳልተባለ ያውቃል፣ አንቺም እወቂው።

ዘሀራዬ፣ አልረሳሽም። አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ በየዓመቱ ሽምብራው ሲበቅል ሰው ጠርቼ አበላልሻለሁ። ሥጋ ካገኘሁ በሥጋ፣ ካላገኘሁ በንፍሮ። በውሸት ግን ስምሽ አይጠራም።

ባልሽ ይመር