የበሶዬ ጨረር

ብሌን፣
በጠዋቱ መኪና ወደ ራቤል፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ። ስትወጪ በሩን ቆልፊ።

በሶዬ ምንም የለበትም! የጨረር መለኪያሽ ያሳየሽ በሰዓት 150 ናኖሲቨርት ማለት ያው የለመድሽው 0.15 ማይክሮሲቨርት ነው፤ ለሺህ ማካፈል ብቻ ነው። ትራስሽንም ለካሁት፣ እሱም 150 ነው። እሱንም አውጥተሽ ጣዪዋ! የራጅ ባለሙያ ሆነሽ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ሳታነቢ ሙሉ ከረጢት ከአጥር ውጭ ደፋሽ!

መለኪያሽን ወደ ናኖ የቀየርኩት እኔ ነኝ።

በሶዬን ሳትጠይቂኝ መዛቅ እንድትተዪ ብዬ ነበር። «ትሕትና እንዳትታመምብኝ» ብለሽ ተሸክመሽው ትሮጫለሽ ብዬ መቼ አሰብኩ?

ወደ ማይክሮ መልሼዋለሁ።

በሶውን ልሶ የጨረሰው የአከራያችን በግ ደህና ነው። እንዲያውም ደጃፋችን ቆሞ ይጠብቅሻል።

ሁለት ከረጢት ይዤ እመጣለሁ። ትንሹ የኔ ነው።

ትሕትና