ጭነት ያላየ ጄኔሬተር

ጥቅምት 4
የሙከራ ቀን። ጄኔሬተሩን አስነሳሁት፣ ሠላሳ ደቂቃ ጮኸ፣ አጠፋሁት። ፎርሙ ላይ «ተሞክሯል» ብዬ ፈረምኩ። እንደ ሁልጊዜው ባዶውን... የሆስፒታሉን አንዲት አምፖል እንኳ ሳይሸከም። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ጠረግኩት። ስንት ወር ሆነኝ ስጠርገው?

ጥቅምት 6
መመሪያውን ፈልጌ አነበብኩ። በየወሩ፣ ቢያንስ የአቅሙን ሠላሳ በመቶ ተሸክሞ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ጭነት ካላየ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ጥቁሩ ዘይት ለካ እሱ ነው። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስፈርም ነበር? ውሸት። በገዛ እጄ። አፈርኩ።

ጥቅምት 7
ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ዋናውን መብራት አጥፍተን ሆስፒታሉን ጄኔሬተሩ ይሸከመውና እንየው አልኩ።
«ሰው ማሽን ላይ ተኝቶ መብራት ልታጠፊ?»
«ጄኔሬተሩ እስኪረከብ አሥር ሰከንድ ነው። መብራቱ ራሱ ሲሄድ ግን አያስፈቅደንም።»
«አንቺ ደግሞ! ይነሳል አይደል? በቃ።»
መነሳትማ ይነሳል። እኔም ጠዋት እነሳለሁ፤ ኩንታል ተሸከሚ ቢሉኝ ግን እንጃ!

ጥቅምት 8
ለባለቤቴ ነገርኩት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው?» አዎ። የምፈርመው እኔ ብቻ ነኛ።

ኅዳር 3
ፎርሙን ሳልፈርም መለስኩ። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ትእዛዝ ባለማክበር»። ይጻፉ!
ደብዳቤውን ይዤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጣሁ። ኃላፊዋ ሲስተር አምስት ሰው በመተንፈሻ ማሽን ላይ አላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ የራሴን ውሸት ጭምር።
«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።
ወደ ሕሙማኑ ዞረች። «ማሽኖቹ ለሃያ ደቂቃ ባትሪ አላቸው። በእጅ የሚነፋውንም መተንፈሻ አዘጋጃለሁ። ነይ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ አብረን እንግባ።»
እሷን እምቢ ማለት አልቻለም።

ኅዳር 8
ጠዋት አራት ሰዓት። ቀዶ ሕክምና የለም። በየማሽኑ አጠገብ አንድ አንድ ነርስ ቆመች። መብራቱን አጠፋሁ። በስምንተኛው ሰከንድ ጄኔሬተሩ ተሸከመ። «አላልኩሽም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።
በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አቃሰተ፣ ቀጥ አለ። ወዲያው ዋናውን መለስኩ። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ... ያለፉትን ወራት እያሰብኩ። እስኪጠገን የኪራይ ጄኔሬተር ማታውኑ መጣ።

ታኅሣሥ 5
ተጠግኖ ተመልሷል። ዛሬ የሆስፒታሉን ግማሽ ተሸክሞ ሠላሳ ደቂቃ ሞላ። ፈረምኩ፣ ደስ ብሎኝ።
ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ተቆጣጣሪዎች ነገ ይመጣሉ። «የድሮዎቹን ፎርሞች ከፋይሉ አውጪያቸው። ለአንቺም ይበጅሻል። ማስጠንቀቂያውንም እናነሳልሻለን።» ለእኔ አሳቢ!
ፋይሉን አምጥቼ ፊቱ ተቀመጥኩ። ሃያ አራቱም ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩባቸው፤ «ያለ ጭነት ነው የተሞከረው። ተሞክሯል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።
«ሊያባርሩሽ ይችላሉ እኮ።»
«ይችላሉ» አልኩት። «የሚተካኝ ሰው ግን ይሄን ሳያነብ አይፈርምም።»