ከሳሞአ የመጡ ሽማግሌዎች

ሐሙስ

ሳሞአ ካርታው ላይ ጠፋችብኝ። በስንት ፍለጋ ውቅያኖስ መሃል ነጠብጣብ አገኘሁ፤ እሷው ናት። ልጄ ሳሮን ልታገባው ያሰበችው ታቪታ የዚያ አገር ልጅ ነው። ቅዳሜ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ልወቅ ብዬ ሳነብ ዋልኩ። ደሴቶቹን ከባሕር ያወጣቸው እሳተ ገሞራ ነው አሉ። አንደኛው ላይ ቅልጥ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

«እዚያ ሊወስድሽ ነው?» አልኳት።

«ማሚ፣ ሂ ሊቭስ ኢን ቡሪየን።» ቡሪየን ከቤታችን በመኪና ሩብ ሰዓት ናት።

ቅዳሜ

መጡ። ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ። ሽማግሌው ታላቅ አጎቱ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ጭራ ጣል አድርገዋል። ባሌ ጭራውን ሲያይ የአገሩን ሽማግሌ መስለውት ደስ አለው። ሳሮንን እንደ ደንቡ መኝታ ቤት አስቀምጠናታል።

ሽማግሌው በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ፤ ታቪታ ተረጎመ። ባሌ ኮራ ብሎ፣ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ። በመጀመሪያ ቀን ልጅ ይሰጣል እንዴ? ታቪታ ይህን ሲተረጉምላቸው ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ። ምግቡን አልነኩትም።

እሑድ

ታቪታ ስልክ አያነሳም። ሳሮን ስታለቅስ ዋለች። «እምቢ አላችኋቸው» ትላለች። እምቢ ማን አለ? አባቴ እኔን የሰጠው ሽማግሌ ስንቴ ከተመላለሰ በኋላ ነው። ይህን ለሳሮን ነግረናት አናውቅም። ባሌ «ይመለሳሉ» ይላል። ካልተመለሱስ? ቸርች ሄጄ ስብከቱን አልሰማሁትም።

ሰኞ

አንድ ነገር አነበብኩ። ሳሞአ ውስጥ የበደለ ሰው ምንጣፍ ተከናንቦ የተበደለው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ከገለጡለት ታረቁ ማለት ነው። ከእኛ ድንጋይ መሸከም በምን ይለያል? ሳሮን «እሱ እኮ ሰው ለገደለ ነው» አለች። ባሌ «አብደሻል» አለኝ። ሄደን እንዲያደርገው ለመንኩት።

ማክሰኞ

ሦስታችንም እነ ታቪታ ቤት ሄድን። ባሌ በካፊያ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል ብዬ ተሳቀቅሁ። ሽማግሌው ወጥተው አዩት፤ ግራ ገባቸው። ቆይተው ጋቢውን ገለጡለትና እርጥቡ መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።

ሳሮን ለታቪታ፣ ታቪታ ለእሳቸው ደንባችንን አስረዱ። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጅቷ ራሷ ምን ትላለች?

ባሌ አየኝ። ይህን አንዳችንም አልጠየቅናትም። ሳሮን «አገባዋለሁ» አለች፤ ያውም በአማርኛ። ሽማግሌው አስተርጓሚ ሳይጠብቁ ሳቁ።

ሳሮን እራት እነሱ ጋ ቀረች። መኪና ውስጥ ባሌን፣ «ሶ፣ ሰጠናት ማለት ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። «ልጅ የሰጡን እነሱ መሰሉኝ።»