አሥራ ሁለቱ ቦኖዎች

ኅዳር 4
ቢሮ። እንደ ሁልጊዜው ወረቀት። የአንዲት የዳር ከተማን የውሃ አገልግሎት የዓምና ምርመራ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ዘንድሮም “ክትትል” ተብሎ እኔው ላይ ተጥሏል። “አሥራ ሁለቱም የሕዝብ ቦኖዎች ውሃ ይሰጣሉ” ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ። ቆንጆ ፊርማ አለኝ፣ ምን ይዋሻል።

ነጠላ ሰረዝ (ባልደረባዬ ነው፣ የሰው ሪፖርት ላይ ነጠላ ሰረዝ ካላስተካከለ ምሳ አይበላም) “የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ የዓምናውን ገልብጪና ስጪ” አለኝ። ልገለብጥ ነበር…

እናቴ ደግሞ ለቡድን መሪነት መወዳደሬን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ገና ውጤቱ ሳይወጣ።

ኅዳር 6
ጥበቃው ከበር ደወለ። “እህቴ፣ አንዲት እናት መጥተዋል። የሚፈልጉትን ሰው ስም አያውቁም፣ ፊርማ ነው የያዙት።”

ወረድኩ። የዚያች ከተማ የሰባተኛው ቦኖ ሠራተኛ ናቸው። ቧንቧውን ከፍተው የሚያስቀዱት እሳቸው። የሪፖርታችንን ቅጂ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅለው፣ አራት ቦታ አጥፈው ይዘዋል።

“አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ እማማ።”

“አንቺ የመጣሽ ቀን ብቻ ነው የፈሰሰው ልጄ። ደብዳቤያችሁ ለውሃ አገልግሎቶቹ ሳምንት ቀድሞ ይደርሳቸዋል። በቦቴ አምጥተው ታንከሩን ይሞሉታል። ስትሄዱ… በቃ።”

ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የቢሮው ደንብ ነው፣ ከምርመራ በፊት ደብዳቤ ይጻፋል። ለጨዋነት ተብሎ። እንዴት አላሰብኩትም? አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሥራ ላይ… አፈርኩ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ኅዳር 7
አለቃዬ ጋ ገብቼ ነገርኩት።

“ሪፖርቱ ሲቀርብ ምክር ቤቱ ፊት ቆመሽ ተሳስቻለሁ ልትዪ ነው? ውድድሩ እያለ?”

“አዎ።”

“የዘንድሮውን ብቻ አስተካክለሽ ጻፊ። ዓምናን ማን ያስታውሰዋል?”

እማማ ያስታውሳሉ… አላልኩትም። ያለ ደብዳቤ ልሂድ ብቻ አልኩ። “በራስሽ ኃላፊነት” አለኝ። ይሁን።

ኅዳር 10
በጠዋቱ ደረስን። ነጠላ ሰረዝ እያጉረመረመ ተከተለኝ። እያንዳንዱን ቧንቧ በገዛ እጄ ከፈትኩ። ከአሥራ ሁለቱ የፈሰሱት አራት። አንዱ ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ሰባተኛው ጋ እማማ ደረቁ ቧንቧ አጠገብ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። “ሥራዬ ነዋ” አሉ።

የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ እያለከለከ መጣ። “ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩን?”

“ዓምና ቀድመን ስለነገርናችሁ ነው የተሳሳትነው” አለው ነጠላ ሰረዝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ኅዳር 20
ምክር ቤት። ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ።

“የዓምናውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። የሚሠሩት አራት ናቸው።”

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “ይህን እንድትናገሪ ማን አዘዘሽ?” “ማንም” አልኩ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ፣ ሰውየው መግቢያ ቀዳዳ አጣ። ቦኖዎቹን ለማስጠገን ሦስት ወር ተሰጠው። ለኛም ተወሰነ፦ ከእንግዲህ አገልግሎት ስንመረምር የሚቀድመን ደብዳቤ የለም።

ኮራሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ኮራሁ።

ታኅሣሥ 2
ቡድን መሪነቱ ለነጠላ ሰረዝ ሆነ። አንጀቴ አላረረም ብል ውሸት ነው።

እናቴ፦ “እና አሁን ለጎረቤት ምን ልበል?”

“ልጄ ተሳሳትኩ አለች በያቸው።”

ተቆጥታ ወጣች። ከሰዓት ግን ለባለሱቁ ስታወራ ደረስኩባት። “ያ ሁሉ ባለሥልጣን ፊት፣ ማንም ሳያስገድዳት…” ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ መንገደኛውም እንዲሰማ። ሳታየኝ ተመለስኩ።

የካቲት 22
ቀኑ ሞላ። ሳላሳውቅ ሄድኩ። ዘጠኙ ይፈሳሉ። ሦስቱ አሁንም ደረቅ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ መለዋወጫ እየጠበቅኩ ነው አለ፣ እሱንም ጻፍኩ።

ሰባተኛው ጋ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው። በጎን ልለፍ ስል እማማ “ተራሽን ያዢ” አሉኝ። ያዝኩ። ሃያ ሰባተኛ ነበርኩ። ሰልፍ ላይ ቆሜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም…

ተራዬ ደረሰ። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ የዛሬውን የምርመራ ወረቀት አወጣሁ። እማማ ተቀበሉኝ። በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ሰልፈኛው ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ።

“ያልተሠሩትን ሦስቱንም ጽፈሻል?”

“ታች ላይ ነው እማማ።”

አዩት። ወረቀቱን መለሱልኝ።

“አሁን ፈርሚ።”

ፈረምኩ።