የሆድ ፍተሻ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ታኅሣሥ 9

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣ ለጢኒጥ እናት፤

እንዴት ከርመሻል? እኛ አለን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይነጫነጫል እንጂ አልከዳኝም። ልጅሽ አድጋለች፤ ያ የላክሽላት ጫማ ጠቧት ጣቷን እያጠፈች ነው የምትሄድበት። ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ ግን «ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ» ትይና ጢኒጥ ሮጣ ስልኩ ጋ ሳትደርስ ትዘጊዋለሽ። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ቲቸሯ ልንገርሽ።

መቼም አባትሽን ታውቂዋለሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነበርኩ፤ እየሳቀ የሚመጣ ሰው ካየሁ ቦርሳውን ደግሜ ነው የማየው። ይቺ ቲቸር ደግሞ ጥርሷ አይከደንም። ጠዋት የኬጂው በር ላይ ቁጢጥ ብላ ልጆቹን ትቀበላለች። ግድግዳው ላይ ፊቶች ተስለዋል፦ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የተቆጣ፣ የፈራ። ልጁ ሁሉ የየራሱ የልብስ መቆንጠጫ አለው፤ «ዛሬ የቱ ነህ?» ስትለው ሄዶ አንዱ ፊት ላይ ይሰካል። የኛዋ ልጅ መቆንጠጫ ቢጫ ናት። በየቀኑ የሚያለቅሰው ላይ ትሰካለች።

ፊደል ትቁጠርልኝ ብዬ ነው እኮ ያስገባኋት! ቲቸሯ ምን ፈልጋ ነው አልኩ። እኔ የሰው ቦርሳ ፈትሼ ኖርኩ፤ ይቺ የሰው ሆድ ትፈትሻለች። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም ነገር ማባባስ ነፍሱ ነው፤ «የቤታችሁን ጉድ ከልጅቷ እየለቀመች እንዳይሆን» አለኝ። «ምን ጉድ አለን?» ብለው፣ «እሱንማ እሷ ታውቃለች» ብሎ መቀሱን አንቀጫቀጨ። ሳልወድ ነገሩ ገባብኝ።

የሚያስጠረጥርም ነገር ነበር። ያቺ ጆሮዬን ስትበላው የምትውል ልጅ ቤት ውስጥ ዝም ብላለች። ብጠይቃት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እዚያ ታወራለች፣ እዚህ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። አንቺ ለሥራ ሰው አገር ስትሄጂ በአደራ የሰጠሽኝን ልጅ ቲቸሯ ቀስ በቀስ እየወሰደችብኝ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ሰኞ ዕለት ቦርሳዋን ስፈትሽ (አትሳቂ፣ ልማድ ነው) እኔ ያልቋጠርኩት ዳቦ አገኘሁ። በማግስቱ ለቲቸሯ አሳየኋት።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ አባባ። አይቀየሙኝና ጠዋት በልታ ነው የምትመጣው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እጇን ሆዷ ላይ ታደርግና ‹ሆዴ የለም› ትለኛለች። ባዶ ሆዷን የምትመጣ መስሎኝ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወተቷን አሙቄ፣ እንቁላሏን ልጬ፣ አፏን ጠርጌ የምሸኛትን ልጅ! «ከነገ ጀምሮ አትመጣም» ብዬ ወጣሁ። ግን መታገሥ አልቻልኩም፤ መውጫ ሰዓቷ ሳይደርስ ጓዟን ልሸክፍ ተመለስኩ። ከመግባቴ በፊት እጅ ከፍንጅ ልያዛት ብዬ መስኮቱ ሥር ተደበቅኩ።

ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንዲት አንድ ዓይኗ ቁልፍ የሆነ የጨርቅ አሻንጉሊት አለቻቸው፤ እሷን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። አንዱ ጥርሰ ወላቃ «ወንድሜ መኪናዬን ሰበረብኝ፣ ልነክሰው ነበር» አለ። ቲቸሯ «ከዚያስ?» ስትለው «በአፍንጫዬ ተነፈስኩና ተውኩት» አላት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ ተራው ጢኒጥ ጋ ደረሰ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሆዴ የለችም» አለች። «ሩቅ ናት። ስለሷ ሳወራ አባባ ፊቱን ያዞራል። እንዳያዝን ብዬ ቤት አላወራም።»

የለችም። ሰማሽ? ለካ አንቺ ነሽ። «ነይ ሆዴ፣ ብይልኝ ሆዴ» ስትያት መልሳ አንቺኑ ሆዴ ነበር የምትልሽ፤ እማዬ ብላሽ አታውቅም። ቲቸሯ ይህን በየት ታውቀዋለች? እኔ አብሬያችሁ የኖርኩት እንኳ ሆድ ሲባል እንቁላልና ወተት ነው የታየኝ። ለካ ዝምታዋ እኔን መጠበቋ ነበር።

ገባሁ። ቲቸሯ ለጠብ የመጣሁ መስሏት ብድግ አለች። ጢኒጥ ግን አሻንጉሊቷን ሰጠችኝና «ተራህ ነው አባባ» አለችኝ። በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቴ ጆሮዬ ድረስ መጥቶ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል።

«ደህና ነኝ» አልኩ።

ጢኒጥ ወደ ግድግዳው ዞራ አየች። «እሱ ፊት የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ደህና ነኝ የሚባል ፊት የለም። «ናፍቃኛለች» አልኩ ያኔ። ጢኒጥ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ቲቸሯ «ሆዴ ማናት?» ብላ ስትጠይቃት «የአባባ ልጅ ናት» አለቻት።

ልጅቷን አላስወጣኋትም። ቲቸሯንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ብዙ መሳቋ ግን አሁንም አይጥመኝም። ጢኒጥ ስላንቺ ስታወራ ታመሻለች፣ እኔም ፊቴን አላዞርም። ፀጉር አስተካካዩ «ታዲያ ምን ጉድ ተገኘ?» ቢለኝ «የኔው» አልኩት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። በር ላይ ቆሜ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ተጣድፎ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ይዟል። አንቺ ስልክ ላይ ትጣደፊያለሽ። ምን ይዘሽ ነው? ድምፅዋን ስሰማ አለቅሳለሁ ብለሽ ከሆነ አልቅሺ፤ ያን ፊት ከኛ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ሌላ ነገር ከሆነ፣ እዚያ የሚያስከፋሽ ሰው ካለ ደግሞ ለኔ ንገሪኝ። ደህና ነኝ ግን አትበይኝ።

የተሸከምሽው ይቅለልሽ፤ የምትገቢበት ቤት ሁሉ የሚራራልሽ ሰው አይታጣበት፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ።

ሌላው፣ በሚመጣው እሑድ ስልኩን የምታነሳው ጢኒጥ ናት። አሻንጉሊቷን ከቲቸሯ ተውሳ ስልኩ አጠገብ አስቀምጣታለች። እንዳልነካት ከልክላኛለች፤ «የሆዴ ተራ ነው» ትላለች።

አባትሽ፣ ፈታሹ