ለግራ እጅ የተቆረጠ ዱላ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ የምትወጪው ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ጋሼስ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል? እማዬ መነጽሯን አገኘችው ወይስ ግንባሯ ላይ ሰክታው ቤቱን ስታተራምስ ትውላለች? የእኔን ከጠየቅሽኝ ሰውነቴ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ቀሪውን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘግቻለሁ። ወረቀት ፊት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ስደውል ድንቡሼ ተኝታለች አልሽኝ። አልተኛችም ነበር፤ ከጎንሽ ሆና ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ለእኔ አዝነሽ እንደዋሸሽኝ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩሽም። ግን የገዛ ልጄ ለምን እንደሸሸችኝ ሲያብሰለስለኝ ከረመ። መልሱንም ያገኘሁት ባላሰብኩት ቦታ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ ነኝ። የማጨጃው መኪና ሞተር ስለሚጮህ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የምውለው። ከሰው ጋር የምነጋገረው ጠዋት ቁልፍ ስቀበልና ማታ ስመልስ ነው፤ እሱም ከሰላምታ አያልፍም። ማደሪያዬ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ መስኮት አለ፤ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው። አንዳንድ እሑድ ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ራሴን ጮክ ብዬ “ደህና ዋልክ?” እለዋለሁ። ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ጎልፍ የሚያስተምር አሠልጣኝ አለ። ከወር በፊት ወገቡን አሞት ተኛ። የሜዳው ኃላፊ ጠራችኝና እስኪሻለው ልጆቹን ያዝልኝ አለችኝ። እሱ በሚያስተምርበት ሰዓት ሞተር ማስነሳት ስለማይፈቀድ እኔ በአጠገቡ ሣር በእጄ ስከረክም አምስት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እሷም ይህን ታውቃለች። እኔ እንኳን ላስተምር ራሴም በደንብ አልተማርኩም ብላት፣ ታዲያ ማን አለኝ ብላ ፊሽካውን አንገቴ ላይ አጠለቀችው።

ስምንት ልጆች ናቸው። በተሰባበረ የሰው አገር ቋንቋ መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ሰው ዱላ ሲያወዛውዝ ከኋላው እንዳይቆሙ ነው። ከዚያ ወደ አያያዙ ገባሁ። ዱላውን፣ ሽማግሌ መንገድ ስታሻግሩ እጃቸውን እንደምትይዙት ያዙት፤ አትጭመቁት፣ አትልቀቁትም አልኳቸው። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ፣ ወንበር ላይ ልትቀመጡ ብላችሁ ሐሳባችሁን እንደቀየራችሁ ሁሉ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ ስላቸው ተንከትክተው ሳቁ። በእኔ ቀልድ ሰው ከሳቀ ስንት ጊዜው! ዓይናችሁን ከኳሱ አትንቀሉ፣ ኳሱ ከሄደም በኋላ ትንሽ እዚያው ይቆይ አልኳቸው። ሳይቆዩ መምህር ይሉኝ ጀመር። ቃሉ ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም።

ከስምንቱ አንዷ የድንቡሼ እኩያ ነች፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ከአፏ ቃል የማይወጣ። ዱላውን ገልብጣ እንደ ግራኝ ትይዛለች። የልጆቹ ዱላ በሙሉ ለቀኝ የተሠራ ስለሆነ፣ እንደዚያ ሲያዝ ኳሱን የሚነካው ጀርባው ነው። እጇን አንስቼ አዟዟርኩላት። መለሰችው። ደግሜ አዟዟርኩት፣ ደግማ መለሰችው። በአራተኛው ትዕግሥቴ አለቀና እጇን ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ በትክክል ካልያዝሽ ከሰልፉ ውጪ አልኳት። አላለቀሰችም። ግራ እጇን ዘርግታ እያየች፣

“ይሄኛው ምን አጠፋ?” አለችኝ።

እታለሜ፣ እጇን ለቀቅኩት። ከአራት ወር በፊት የድንቡሼ አስተማሪ በግራዋ እየጻፈች አስቸገረችኝ ማለቷን ስትነግሪኝ፣ እስቲ አቅርቢልኝ አልኩሽ አይደል? ስልኩን ሰጥተሻት ወደ ጓዳ ስትገቢ ምን እንዳልኳት አልሰማሽም። በቀኝሽ መጻፍ እስክትለምጂ ድረስ አባባ አይመጣም አልኳት። ላስፈራራት ያህል ነበር፤ ስልኩን ዘግቼ ረሳሁት። አምስት ዓመት የቀረሁት የመኖሪያ ወረቀቴ አልጨረስ ብሎ መሆኑን የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች? በእጇ የተነሳ የቀረሁ መስሏት ስንት ቀን አንገቷን ደፍታ ዋለች ይሆን? እዚያ ሜዳ ላይ ስምንት ልጆች እያዩኝ ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዞርኩ።

ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ዕለት ሌሎቹ በዱላ ሲመቱ እሷ በእጇ ኳስ እያንከባለለች ወደ ጉድጓዱ ትጨምር ነበር። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መጋዘን ገብቼ የተጣሉ ዱላዎችን ሳገላብጥ ለግራኝ የተሠራ አንድ አገኘሁ፤ ግን የአዋቂ ነው፣ ከእሷ ይረዝማል። ኃላፊዋን አስፈቅጄ በብረት መጋዝ ቆረጥኩትና መያዣውን በፕላስተር ጠቀለልኩት። ቅዳሜ ሰጠኋት። ሁለቴ አየር መታች፣ አንዴ ሣር ቦደሰች። በአራተኛው ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ኳሱ ተነስቶ ሜዳው መሀል ወደቀ። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ቀና ብላ በዚያ በወለቀ ጥርሷ ሳቀችልኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። የመኪና በር አንድ በአንድ ሲዘጋ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ኳሶቹን ብቻዬን ለቀምኩ።

አሁን አሠልጣኙ ድኖ ተመልሷል፣ እኔም ወደ ማጨጃዬ። ባለፈው ቅዳሜ ከሩቅ ሳልፍ ልጅቱ ዱላዋን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሞተሩን አጥፍቼ እጄን እስካነሳ ፊቷን አዙራ ነበር።

እባክሽ እታለሜ፣ እጇን ተዉላት። አስተማሪዋ ዘንድ ሂጂና አባቷ እንዲህ ብሏል በያት። ድንቡሼንም አጠገብሽ አስቀምጠሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ከራሴ ቃል ትስማው። የምመጣበትን ቀን ግን እኔም ስለማላውቀው ቀን ቆርጠሽ አትንገሪያት። አንድ ውሸት ይበቃታል። ስልክ አልቀበልም ካለችም አታስገድጃት፤ እጠብቃታለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ። ለጋሼ፣ የሰፋልኝ ኮት ዛሬም ብርድ አያስገባም በይልኝ። ታላቁ ልጅሽ ለፈተናው ይበርታ፤ ትንሹም አያበሳጭሽ። ለጎረቤታችን ለአዋላጇም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ድንቡሼን ሁለቱንም እጆቿን ሳሚልኝ፤ ከግራው ጀምሪ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማደሪያ ክፍሌ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን